ቃሬዛውን የተሸከሙት አራት ሰዎች

ግንቦት 13 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ማግስት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ደባርቅ መግቢያ ካለው ኬላ አጠገብ አንዲት ሴት ቃሬዛ ላይ እንዳለች ወለደች። ሕፃኗ ሴት ናት። በእናቲቱ ቆጠራ ሰባት ወር አልፎ ስምንተኛው ገና መጀመሩ ነበር።

እዚያ የነበርሁት ለሥራ ነው። ለአካባቢው ራዲዮ እዘግባለሁ። በዚያ ሰሞን በኮሮና ምክንያት ከገጠር የሚገባ ሰው ሁሉ ኬላው ላይ ሙቀቱን ይለካ ነበርና ስለዚሁ ልጽፍ ሄጄ ነው። የዕለቱ ተረኛ ለካፊ ከሆስፒታሉ የተላከች አዋላጅ ነርስ ነበረች። ቃሬዛው ከዳገቱ ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት።

“አራት ብቻ ናቸው” አለችኝ።

በእኛ አገር ቃሬዛ በአራት ሰው አይሄድም። ሴት ምጥ ሲጠናባት ጥሩምባ ይነፋል፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። አሥርም አሥራ ሁለትም ሆነው፣ በየጥቂቱ ትከሻ እየተቀባበሉ ይሸከማሉ። ከሴትዮዋ መንደር እስከ ደባርቅ እንዲያ ከሆነ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። እነዚህ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሰባት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።

ነርሷ ቃሬዛውን ከድንኳኑ ጀርባ አስቀመጠችው። እኛ ወንዶቹ ፊታችንን አዙረን ቆምን። የሕፃን ድምፅ ጠበቅን። ዘገየ። በኋላ ሲመጣ በጣም ቀጭን ነበር። ነርሷ ልጅቱን ጠራርጋ በእናቷ ባዶ ደረት ላይ አስተኛቻትና በጋቢ ሸፈነቻቸው። “ትንሽ ናት፤ ብርድ እንዳያገኛት” አለች። የኬላው መኪና እስኪነሣ ድረስ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች።

“አራት ሆናችሁ ይህን ሁሉ ዳገት? ሰው ጠፍቶ ነው?”

የመለሱላት የሴትዮዋ አማት ናቸው፤ ከአራቱ ትልቁ።

“ሰውማ መች ጠፋ፣ ልጄ። ጥሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኛው ነን የመለስናቸው። ከአራት በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ተብሎ የለም?”

“ለቃሬዛም?”

“ራዲዮኑ ቃሬዛ ይሁን ሠርግ አልለየም። አራት አለ፣ አራት ሆንን። አምስተኛ ብንጨምር በሽታው ቆጥሮ ይይዘን ይሆናል ብለን።” ሳቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ። “ቅድም ሲናገር ሰማሁት፤ የዚህን ሰው ድምፅ ከራዲዮኑ አውቀዋለሁ።”

“ያነበብሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ” አልሁ።

ትከሻቸውን አሹ። “በል እንግዲህ” አሉ፤ “ሌላ ጊዜ ስታነብ ዳገቱንም ቁጠረው።”

ክልከላው የተጻፈበት፣ ከወረዳው ኮሚቴ የተላከልኝ ወረቀት አንድ ገጽ ነበር። እንደ ልማዴ ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር አሳጠርሁት። ስለ ታመመ ሰው፣ ስለምታምጥ ሴት፣ ስለ ቃሬዛ ምን እንደሚል አልጠየቅሁም። ያነበብሁት ሐሰት አልነበረም፤ ግን ጎደሎ ነበር።

ባለቤቴም ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። መምህርት ናት። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከመጋቢት ጀምሮ ቤት ዋለች። የመንገደኛ መኪና ከመታገዱ በፊት ከዳባት የመጣች እናቷ እንስራ ቀርቶ ማሰሮ እንድታነሣ አልፈቀደችላትም። ከቤታችን ሆስፒታሉ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ሰኔ ላይ ወሯን ጨርሳ ወለደች።

በቃሬዛ የመጣችውን እናት ሆስፒታል ውስጥ በመስኮት በኩል አነጋገርኋት። ልጇ ደረቷ ላይ እንደ ታሰረች ነበረች፤ ሌት ተቀን እንዲያ እንድትይዛት ታዝዛለች። ባሏ እንዲገባ ስለማይፈቀድ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ይውላል። ግንቦትን ከመውለዷ በፊት እንዴት እንዳሳለፈች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ ገበያው ተዘጋ፤ እህል የሚጭነው መኪና ቀረ፤ ዘር የሚሆን ገብስ ከእናቷ መንደር በጀርባዋ አመጣች፤ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። የጤና ጣቢያ ቀጠሮዋንም ሁለት ጊዜ ቀርታለች።

“ለምን ቀረሽ?”

“በሽታው ያለው እዚያው ነው ይሉናል፣ ወንድሜ። ማን ደፍሮ ይሄዳል?”

ይህን ሁሉ ለነርሷ ነገርኋትና ልጅቱ ያለ ጊዜዋ የተወለደችው በዚህ ነው ወይ አልኋት።

“ይኼ ነው ያመጣው ብዬ አልፈርምልህም” አለች። “ሳይሸከሙም ያለ ወራቸው የሚወልዱ አሉ። ግን እዚህ ክፍል ገብተህ የተኙት ከየት እንደ መጡ ጠይቅ።”

ጠየቅሁ። በዚያ ቀን ትንንሾቹን ደረታቸው ላይ ያሰሩ ሦስት እናቶች ነበሩ። አንዷ ከሩቁ ከበየዳ ወረዳ ናት። ከሦስቱ ከከተማው የመጣች አንዲትም አልነበረችም። ሦስት ሰው ምንም አያረጋግጥም፤ ስለዚህ አልዘገብሁትም። እስከ ዛሬም ሸክሙ ምጡን አመጣ ብዬ መጻፍ አልችልም። መጻፍ የምችለው ያው አንድ ክልከላ ባለቤቴን እንዳሳረፋትና ይህችን ሴት እንዳሸከማት ነው።

ማድረግ የምችለው አንድ ሌላ ነገር ነበር። የወረዳውን ኮሚቴ ሄጄ ጠየቅሁ። “በሽተኛ መሸከም ስብሰባ ነው ያለው ማን ነው?” አሉኝ። ማን እንዳለው ነገርኋቸው። በማግስቱ ማስተካከያውን በራዲዮ አነበብሁ፤ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች በቁጥር አይገደቡም፣ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሜ አነበብሁት፤ አላሳጠርሁትም። የሰማ ሰው ይኑር አይኑር ግን ከስቱዲዮ ሆኖ አይታወቅም።

ልጅቱ ስትወለድ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ነበረች። ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ወደ ቤት ሂጂ በተባለችበት ቀን፣ ነርሷ ፊቴ መዘነቻት፤ ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ። እናቲቱ አሁንም ደረቷ ላይ እንዳሰረቻት ወጣች። ከበሩ ውጪ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጣፍተው፣ ቃሬዛ ይዘው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ቆጠርኋቸው። አሥራ ሁለት ናቸው።