ኮኪት አጠገብ የቆመው ካራቫን

አባቴ ቆላ ወርዶ ኮኪት አጠገብ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ የትራክተር መካኒክ ነበር፤ እኛ የምንኖረው ጎንደር። ክረምቱ ሳይገባ ማሽኖቹ ተጠግነው ማለቅ ስላለባቸው ለፋሲካ እንኳ የሚመጣው ሲሳካለት ነው። በመጣ ቁጥር ግን ስለ ካራቫኑ ያወራልን ነበር። መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱትን ባለ ጎማ ቤት የእርሻው ባለቤት ለእሱ ሰጥቶታል። መስኮቱ መጋረጃ አለው፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ይዘረጋል፣ መልሶ ይታጠፋል፤ ዕቃ ማጠቢያው ከነቧንቧው ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቤት እንዴት ጎማ እንደሚኖረው ደጋግመን እንጠይቀዋለን፤ እሱም አይሰለቸውም።

የእናቴ ጥያቄ ሌላ ነበር። አባቴ የጎንደሩን ኪራይ ቤት ለቀን እሱ ዘንድ እንድንኖር ይፈልጋል። እሷ ደግሞ "መጀመሪያ በዓይኔ ልየው" አለች። ስለዚህ አንድ ዓመት ፋሲካን ውለን በማግስቱ ድፎ ዳቧችንን ይዘን ሦስታችን ወረድን። እኔ በልቤ ወስኜ ጨርሻለሁ። ማታ ማታ አባቴ የሚገባበት ቤት እንዲኖረኝ ነበር የምፈልገው። ቤቱ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ እሰየው!

አይነዳም። ጎማዎቹ ተፈትተው ለተሳቢ ተወስደዋል፤ ቤቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ ጎማ ፍለጋ ከሥሩ ገብቶ የታቀፈች ዶሮ አገኘ፤ ዶሮዋም አባረረችው። እኔ ቧንቧውን ብከፍተው ጉንዳን ወጣ። ጠረጴዛው እውነትም ተዘረጋ፤ መታጠፍ ግን እምቢ ስላለ በላዩ እየተሻገርን መኖር ጀመርን። ፍራሹ ከፋብሪካ ከወጣበት ላስቲክ አልተላቀቀም፤ በተገላበጥን ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

እናቴ የደጋ ሰው ናት፤ ከሙቀት ይልቅ ነፋስ ትፈራለች። ላብ ላይ ነፋስ ከመታን አለቀልን ብላ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አደረገችው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ለእኛ ሲመልስልን አደረ። የገረመኝ ግን አባቴ ነው። መብራቱን ለማብራት ግድግዳውን ሲዳብስ ቆየ፤ ሲነሳ ራሱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ። ጠዋት ደግሞ "ይህን ያህል ይሞቃል እንዴ?" አለ። ሰው የገዛ ቤቱን ሙቀት እንዴት አያውቅም?

ይህ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ የአባቴ የሆነ አንድ ካልሲ እንኳ የለም። አባቴ ትራክተር ከሚጠግንበት ጋራዥ ጀርባ ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ ነበር። እዚያ ስሄድ አንድ የገመድ አልጋ አየሁ፤ ከምሰሶው ላይ የአባቴ መላጫና መስታወት፣ ከጣሪያው ሣር ውስጥ ደግሞ እኛ አራታችን የተነሳነው ፎቶ ተሰክቷል። ከጎጃም የመጡት የእርሻው ዘበኛ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር።

"የማን አልጋ ነው?" አልኳቸው።

"ያባትሽ ነዋ! የት ይተኙ ኖሯል?"

"ካራቫኑስ?"

"እሱንማ መች ያስገቡናል! እሳቸውም ለመጥረግ እንጂ አይገቡ። የእንግዳ ነው ይላሉ።"

ምላሴ መች ያርፋል! ምሳ ላይ ሁሉንም ዘከዘክሁት። እናቴ የቆረሰችውን ዳቦ አስቀመጠች።

"እርስዎ እዚህ ቤት አድረው ያውቃሉ?"

"ትናንት አደርኩ አይደለም?"

"ከትናንት በፊትስ?"

አባቴ አፈረ። "እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው። ደህና ደህናው ለእንግዳ ይቀመጥ የለ? አንቺስ ያንን ሳህን ብፌ ውስጥ ቆልፈሽበት የለም እንዴ?"

እውነቱን ነው፤ በዚያ ሳህን እኛ ልጆቿ በልተን አናውቅም። ልስቅ ስል ፊቷን አይቼ ተውኩት።

"ታዲያ እኛ እንግዳ ነን?" አለችው።

አባቴ ተነሳና ፍራሹን እየጎተተ ወደ ራኩባው ወሰደው። የቀሩትን ቀናት እዚያ አደርን። እናቴ በነጠላዋ ተሸፋፍና ተኛች፤ ነፋሱም አልመታትም። እኔ ከአባቴ ጎን ተኝቼ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር፤ ካራቫኑን ረሳሁት። መቼም አሁን እዚሁ እንቀራለን ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም።

እናቴ ግን ስለ መዛወሩ አላነሳችም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቃትም። የምንመለስበት ቀን ሲደርስ ለእንግዳ እንደሚደረገው ሰሊጥ ቋጥሮልን እስከ አውቶቡሱ ድረስ መጣ። እኔንና ወንድሜን ሳመን፤ ከዚያ እናቴን በሁለት እጁ ጨበጣት።

"ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ" አላት።