የስልኩ ዓመት

በመካነ ሰላም ስልክ የምትጠግነው ሰልሰቢል የይለፍ ቃሉን ለሚረሳ ሰው ትዕግሥት የላትም። ጉም ሱቋ ደፍ ላይ በተኛበት ጠዋት የመጡት የቁርአን አስተማሪው ሸህ በሽር ግን አልረሱም፤ አሮጌው ስልካቸው ነው አካውንታቸው ውስጥ አላስገባም ያለው። ከሞተች ስድስት ዓመት የሆናት የሚስታቸው የዘሊካ ፎቶ ያለው እዚያ ነው።

ሰልሰቢል የስልኩን ቀን ስታይ ነገሩ ገባት፤ ሸሁ በገዛ እጃቸው የእኛን 2017 ሞልተውታል።

"ሸህዬ፣ ይሄ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው! ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ እንዴት ያስገባዎት?" ብላ 2025 አደረገችው።

አካውንቱ ተከፈተ። ዘሊካ ከጉሙ ወጥታ የመጣች ይመስል ስክሪኑ ላይ ሳቀች።

ሸሁ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ስልኩን መልሰው ለሰልሰቢል ዘረጉላት።

"በይ ልጄ፣ ቀኑን ወደነበረበት መልሺው። እዚያ ዓመት ላይ ዘሊካ አልሞተችም።"