ጋሽ አሳጥርና የሚነቀለው ስፌት

ሰፈሩ "ጋሽ አሳጥር" የሚለውን ስም ያወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። ከወጣትነቱ ጀምሮ መተዳደሪያው የሰው ሱሪ ማሳጠር ነው። ወሬው ግን አያጥርም። የአንዱን ደንበኛ ዚፕ ሊቀይር ሲቀመጥ ጨዋታውን ከአያቱ ጋብቻ ይጀምራል፤ ዚፑ አልቆ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ እንኳ የጋሽ አሳጥር አባት ገና አልተወለደም። "አሳጥረው እንጂ ጋሼ" ይሉታል። እሱ ሱሪውን ያሉት መስሎት መቀሱን ያነሳል።

ከልቡ የማትወጣ አንዲት ምኞት ነበረችው፤ አንድ ሙሉ ካፖርት፣ ከቁርጡ እስከ ቁልፉ፣ በገዛ እጁ መሥራት። የሰው ልብስ ጫፍ ጫፉን ሲነካካ የኖረ ሰው አንድ ቀን "ይኼ የኔ ሥራ ነው" የሚለው ልብስ ቢያምረው አይፈረድበትም። ባለቤቱ ግን ትፈርድበት ነበር፤ ምክንያትም አላት። የቤታቸው በር እስከ ወገቡ ሰማያዊ ነው፣ ከወገቡ በላይ ዝገት። ቀለሙን ጀምሮ የተወው እሱ ነው። የዶሮ ቤቱ ጣሪያ የለውም። ጊታር ገዝቶም ነበር፤ አሁን የሚጫወትበት አቧራ ነው። "ወስዋሳ" ትለዋለች፣ አንድ ነገር ላይ ልቡ የማይረጋ ማለቷ ነው።

ልጃቸው ነርስ ሆና ተመርቃ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባ ሩቅ ከተማ፣ ሆስፒታል ተቀጠረች። እናት ካፖርት እንግዛላት አለች። አባት ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ ካፖርት ስትገዛ ሰው ምን ይላል ብሎ ፎከረ። አንዴ ከአፉ ወጣ፣ መመለሻ የለውም። የመሄጃዋ ቀን ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

ግራጫ ሱፍ ቆረጠ፣ የስፌት መኪናውን እያስጮኸ ወዲያው ጨረሰው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ልጅቷ ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ኮሌታው ወደ ላይ ተቆልምሞ ጆሮዋን ይነካል፤ አንደኛው እጅጌ ተጣሞ ወደ ኋላ ዞሯል። ያምራል አባዬ አለችው። ጥሩ ልጅ ናት፣ ውሸት ግን አትችልበትም። ጋሽ አሳጥር ዓይኗን አይቶ ቆሽቱ አረረ፤ በእሷ ሳይሆን በራሱ። ስፌቱን ሁሉ ተርትሮ ጨርቁን በፌስታል ጠቀለለና ከገበያው ጀርባ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ካፖርት ሰፊ ይዞ ሄደ።

አዛውንቱ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱና የስፌት መኪናውን ተወው፣ መጀመሪያ ሁሉንም በእጅህ ወስውሰው አሉት። መወስወስ ማለት ጨርቁ ከቦታው እንዳይንሸራተት በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ አድርጎ ለጊዜው መያዝ ነው፤ ዋናው ስፌት ሲያልቅ ክሩ ተነቅሎ ይጣላል። ጋሽ አሳጥር ይህን አጥቶት አይደለም። ሱሪ ለሚያሳጥር ሰው ሁለት ስፒል ስለሚበቃው ዘሎት ኖሯል። ባለቤቱ ስትሰማ ሳቋ ቤቱን ሞላው። ወስዋሳውን ወስውስ አሉት? ሰውየው አውቀውታል ማለት ነው አለች።

መጀመሪያ ስቃይ ነበር። መርፌው ጣቱን ይወጋዋል፣ ወገቡን ይቆርጠዋል፣ ሐሳቡ ቀድሞት ቁልፉ ጋ ደርሷል። ወስውሶ ወደ አዛውንቱ ይወስዳል፤ እሳቸው ጣታቸውን አሳልፈውበት "እዚህ ጋ ተናደሃል" ይሉና ክሩን ይነቅሉታል። ሠርቶ ይመለሳል። እዚህ ጋ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ታስብ ነበር ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ቁልፉ ጥቁር ይሁን ቡናማ እያለ ነበር።

አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና "አባባ፣ ተነቅሎ ለሚጣል ስፌት ይህን ሁሉ?" አላቸው።

አዛውንቱ የነቀሉትን ክር በጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። "ልጄ፣ ስንቱን ካፖርት ሰፋሁ። አንዱም ቤቴ የለም፤ ሁሉንም ሰው ለብሶት ሄደ። ለኔ የቀረኝ ስሰፋ የነበርኩበት ሰዓት ነው። እሱንም ስነጫነጭ አሳልፌው ቢሆን ኖሮ ምን ይዤ እቀር ነበር?"

ጋሽ አሳጥር ጨርቁን አቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደተለወጠ እሱም በቅጡ አያውቀውም። አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ኮሌታውን ሲወሰውስ ጨርቁ በግራ አውራ ጣቱ ላይ እሺ ብሎ ሲታጠፍለት ተሰማው። መርፌው ሱፉን ትንሽ ነከስ አድርጎ ያልፋል፤ ክሩ ሲሳብ ቀጭን ድምፅ አለው። ኮሌታው ማንም ሳያስገድደው ወደ አንገት ዞረ። የጋሽ አሳጥር ልብ ቅቤ ጠጣ። ቀና ሲል ምሳ ሰዓት አልፏል፣ አጠገቡ የተቀመጠለት ሻይ ቀዝቅዟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡትን ቶሎ ቶሎ እየሸኘ ካፖርቱ ላይ ያቀረቅር ጀመር። የአያቱ ጋብቻ ተረሳ። ደንበኞቹ ግራ ገብቷቸው ጋሼ አሞሃል እንዴ እያሉ ይጠይቁታል። አሁን ያላማረውን ቦታ ማንም ሳያዘው ራሱ ይነቅላል፤ ሲነቅልም አይናደድም፣ እንደገና ሊሰፋው ነዋ።

ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ካፖርቱ አላልቅ አለ። ጎረቤት ሊያጽናና ብሎ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲል ባለቤቱ፣ የኛው እንቁላል ተኝቷል አለች። ቀልዷን አቁማ የጠየቀችው እራት ላይ ነው፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ ነበር።

"እንዳትሄድብህ ብለህ ነው አይደል የምታንቀራፍፈው?"

"እንደሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አላት። "ስሠራ እኮ መሄዷንም እረሳዋለሁ። ደስ ይለኛል። ልጄ ልትሄድ፣ እኔ ደስ ይለኛል። ምን ዓይነት አባት ነኝ?"

ያን ቀን ወስዋሳ አላለችውም። ሻዩን አሙቃ አጠገቡ ተቀመጠች። ባሏን እንዲህ አንድ ነገር ላይ ረግቶ አይታው አታውቅም፤ ደስም አላት፣ ፈራችም።

የመሄጃዋ ቀን ሳይደርስ ስልክ ተደወለ። የሆስፒታሉ ሾፌር ዕቃ ሊወስድ ወደዚህ ተልኮ ኖሮ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ ቦታ ስላለ አብራው ትምጣ ተባለ። ቤቱ ተተራመሰ። የካፖርቱ ኮሌታ አልቋል፣ ቁልፎቹ ተተክለዋል፣ ቀኝ እጅጌው ተገጥሟል። ግራው ግን ገና በነጩ ክር ብቻ እንደተወሰወሰ ነበር። እጅጌን በእጅ መግጠም ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሾፌሩ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

እናት ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና እየዘጋች፣ በስፌት መኪናው አንዴ ጠቅ ጠቅ አድርገውና ይለቅ አለች። ትክክል ናት፤ ልጇን ብርድ ሊመታት አይገባም። ጋሽ አሳጥርም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እጅጌውን ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር አስገባ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። መርገጥ አቃተው። አልፈልግም ብሎ አይደለም፤ እግሩ እንቢ አለው።

ልጅቷ የአባቷን ፊት አየች። መጥታ እጇን የመኪናው መዘውር ላይ ጫነችና ካፖርቱን ቀስ ብላ ከመርፌው ሥር ጎትታ ለበሰችው። ኮሌታው አንገቷ ላይ ተኛ። በግራ ትከሻዋ ዙሪያ ነጩ ክር ከሩቅ ይታያል።

"እንዲሁ እሄዳለሁ" አለች።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ውስወሳ ነው" አላት። "ብዙ አይቆይም።"

"እንግዲያው ቶሎ እመጣለኋ።"