የክት ሳጥኔና ሁለተኛው ራውተር

እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። ከደሴ ካምፓላ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ኪሱጉ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደ ባቡር የረዘመ ነው፤ ፊት ለፊት የልጄ የልብስ ሱቅ፣ መሐል ግቢው፣ መጨረሻ ላይ የእኔ ክፍል። ስልክ እያወራሁ ስዞር ግቢው ውስጥ ካለው የሙዝ ተክል ሥር ስደርስ ሁልጊዜ ይቆረጥብኝ ነበር። ዋይፋዩን የሚሰጠው ራውተር ሱቅ ውስጥ ነዋ።

«እማ፣ አንድ ቦታ ብትቀመጪስ?» አለች ልጄ።

«እግሬን ጠይቂው።»

እግሬን ትታ ሁለተኛ ራውተር ገዛችና በቦዳ ሞተር ይዛ መጣች። ከሱቁ እስከ ክፍሌ በግድግዳው ገመድ ሳበች። ለሁለቱም አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል ሰጠቻቸው። «አሁን ስልክሽ ከአንዱ ሲርቅ ሌላው ይቀበለዋል፤ አንቺ ዝም ብለሽ ዙሪ» አለችኝ። ፊደል ባልቆጥርም ገባኝ፤ ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ወርዶ አክስቱ እንደምታዝለው ነው።

ዕቃው ነጭ ነው፣ አዲስ ነው። የዚህ አገር ቀይ አቧራ ደግሞ ለማንም አይመለስ። ልጄ ዞር ስትል የቆርቆሮ ሳጥኔን ከፈትኩና ከክት ልብሴ መሐል አስተኛሁት፤ ገመዱን በጥጉ አሳልፌ ክዳኑን ገጠምኩ።

በማግስቱ ታናሽ እህቴ ከደሴ፣ ከሆስፒታል በቪዲዮ ደወለች። ለሐሞት ጠጠር ሊቀዷት ነው። እናታችን ካለፈች ወዲህ ያለ እኔ ዱዓ የትም አትሄድም፤ እሷ አሚን ካላለች ደግሞ ዱዓዬ ተንጠልጥሎ የቀረ ይመስለኛል።

ሱቁ በደንበኛ ጫጫታ አያሰማም፤ ወደ ግቢው ወጣሁ። «አላህ የሐኪሞቹን እጅ...» ስል ሙዙ ሥር ፊቷ ድርቅ አለ፣ አፏ እንደተከፈተ። ተመለስኩ፣ ደወልኩ፣ ጀመርኩ፤ እግሬ አሁንም አላስቆም አለኝ፤ አሁንም ተቆረጠ።

«እትዬ፣ የት ትገቢያለሽ? ሊያስገቡኝ እኮ ነው!» አለች በሦስተኛው።

ልጄ ሰምታ ወደ ክፍሌ ሮጠች። «እማ፣ ራውተሩስ?»

«ሳጥን ውስጥ።»

«የምን ሳጥን?»

«የክት ልብሴ ዘንድ ነዋ፤ አቧራ እንዳይበላው።»

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ቆርቆሮው አፍኖታል! ሙሽራ ነው እንዴ የምትደብቂው?» አውጥታ መስኮቱ ላይ አኖረችው።

ዱዓዬን ከመጀመሪያው አንስቼ ጨረስኩ። እህቴ «አሚን፣ አሚን» አለች፤ ቀጥላም «አሁንም እየዞርሽ ነው?»

«ቆሜያለሁ» ብዬ ዋሸኋት። ሳቀች፤ ነርሷ ስልኩን ተቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ከሱቅ ክፍሌ፣ ከክፍሌ ሱቅ። መስመሩ አንዴም አልጠፋም፤ ስልኩ ግን ዝም። ልጄም ከደንበኛ መሐል አንገቷን እያወጣች በዐይኗ ትጠይቀኛለች።

ከአስር ሶላት በኋላ ሙዙ ሥር ስደርስ ስልኩ ጮኸ። «እትዬ...» አለ ቀጭን የደከመ ድምፅ።

እንዳይቆረጥ ብዬ እዚያው ቆምኩ። እግሬም እሺ አለኝ።