የአባቴን በገና ለመቃኘት ወደ እንጦጦ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የአባቴን በገና በነጠላ ጠቅልዬ፣ ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤ የካ ሚካኤል ካለው ቤታችን ወጣሁ። በማግስቱ የሙት ዓመቱ ነው። እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጾም ይደረድረው የነበረውን መዝሙር ደርድሬ እንዳሰማት።

መዝሙሩ ደብተሩ ውስጥ አለ። ከእያንዳንዱ ስንኝ በላይ የሚመቱትን አውታሮች ቁጥር በእርሳስ ጽፏል፤ ቅኝቱን ግን አልጻፈም። ቁጥሮቹም ግራ ያጋባሉ። ከበገናው አሥር አውታሮች መካከል እንደተማርኩት የሚመቱት አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው ናቸው። የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው። በደብተሩ ግን አራትና ስድስት የሉም፤ በምትካቸው አምስትና ሰባት ሞልተዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እነዚህን ሳጠብቅና ሳላላ ከረምኩ። ዜማ አልወጣውም።

እኔም የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን «ሰለቸኝ፣ የሽማግሌ ነገር ነው» ብዬው ተነሣሁ። አባቴ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ በገና አውርተን አናውቅም።

ቀበና፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

አባቴን የሚያውቁት በገና ሠሪው ጋሽ ቱፋ ከወንዙ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራሉ። አውታሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ልጄ፣ አምስተኛውንና ሰባተኛውን አባትሽ መትቷቸው አያውቅም። አራተኛውና ስድስተኛው ናቸው የሳሱት።»

«ታዲያ ደብተሩ ተሳስቷል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እንጦጦ ውጪ። አብረውት የተማሩ እማሆይ ወለተ ኪዳን የሚባሉ አሉ።»

እንጦጦ

በታክሲ ሽሮ ሜዳ ደርሼ፣ ለበገናውም እንደ ሰው ከፍዬ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። የመጨረሻውን ዳገት በባሕር ዛፉ መካከል በእግሬ ወጣሁት። ማገዶዋን ድንጋይ ላይ አስደግፋ የምታርፍ ሴት አየችኝ።

«ምን ተሸክመሽ ነው?»

«በገና ነው።»

«እኔስ ማገዶ መስሎኝ! በይ እመቤቴ ታበርታሽ።»

እማሆይ ከክፍላቸው ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡት። ደብተሩን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ሲያስተምርሽ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ፊት ለፊቴ።»

በገናውን ተቀብለው ፊት ለፊቴ እንደሚደረድር ሰው ያዙት። «በይ አሁን ከግራሽ ጀምረሽ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። የሳቸው አሥረኛ ለኔ አንደኛ ሆነ። የሳቸው ስድስተኛ፣ አምስት። የሳቸው አራተኛ፣ ሰባት። እጄ አውታሩ ላይ ቀረ።

«ይህን ለራሱ አልጻፈውም» አሉ እማሆይ በዝግታ። «ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ለምታይ ሰው ነው።»

ደብተሩን አንሥቼ ገጾቹን እንደ አዲስ ገለጥኳቸው። እሳቸውም አላጣደፉኝም።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። የደብተሩ ስንኝ ሁሉ በሰባት ያልቃል፤ ማለት በአራተኛው አውታር። እማሆይ የስንኙን ማብቂያ በቀጭን ድምፃቸው ያዙልኝ፣ አራተኛውን በሱ ቃኘሁ። ከዚያ ዜማውን ከመጀመሪያው ቀስ እያሉ ሲያዜሙ፣ ቁጥሩን እያየሁ የቀሩትን አምስቱን አንድ በአንድ ከድምፃቸው ጋር አገጣጠምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው ስንኝ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የአባቴ ነበር። እማሆይ አማተቡ።

የካ ሚካኤል

ሲመሽ ቤት ገባሁ። ከዚህ መንገድ ይዤ የተመለስኩት ከቅኝቱ በላይ ነው፤ የአባቴን ዝምታ ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ቅያሜ ቆጥሬው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንግዶች ሳይመጡ፣ ለእናቴ ደረደርኩላት። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። እስክጨርስ ዐይኗን ጨፍና ቆየች።

«ያን ደብተር ሲጽፍ ለማን ነው ብዬ ጠይቄው ነበር» አለችኝ።

«ምን አለሽ?»

«ትመለስበታለች አለኝ።»