ግራጫ ሆና የታተመችው ልጅ

ሰበታ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገቡና ስልክ አቀበሉኝ። ስልኩ የልጃቸው ነበር። ፋብሪካ ትሠራ የነበረች፣ በሦስት ቀን ሕመም የሞተችባቸው ልጅ። ፎቶው ላይ ቢጫ ሻርፕ አድርጋ ትስቃለች።

«ለአርባዋ እንዲደርስ ትልቅ አድርገሽ አውጪልኝ ልጄ። ቤት እንሰቅለዋለን» አሉኝ።

ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍተው ፊቷ ቀላ ብሎ ታየኝ። ቀዩን ቀነስኩ፣ ብርሃኑንም ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ስክሪኑ ላይ ሕያው መሰለች። ደስ ብሎኝ ቡራዩ ለሚያትምልኝ ሰው ላክሁት። ታትሞ፣ ተጠቅልሎ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ሳልፈታው አስቀመጥኩት።

በአርባዋ ዋዜማ አዛውንቱ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ፎቶውን እፊታቸው ፈታሁት። ፊቷ ግራጫ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። ፈገግታዋ እንዳለ ነው፤ እሱ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ኦሮምኛ ብዙ ባልችልም ያሉት ገባኝ፤ «ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» ነው ያሉት። ከዚያ ወጥተው በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሆስፒታል ሲያስረክቡኝ መልኳ እንዲህ ነበር» አሉኝ። «እናቷ እንዳታያት ብለን ስንት ለምነን ነበር የከለከልናት።»

ፎቶውን ትተውልኝ ሄዱ። አርባዋ ያለ ፎቶ ወጣ።

ቡራዩ ደወልኩ። «እኔ የላክሽውን ነው ያተምኩት» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ሱሉልታ የሚኖር፣ በሕትመት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ስለማውቅ ለመንኩትና መጣ። ስክሪን ላይ ተለጥፋ ቀለም የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ነበር። ለክቶ ሲጨርስ ወደኔ ዞረ።

«ስክሪንሽ ቀይ ያበዛል፣ ብርሃኑም ከልክ ያለፈ ነው። ያ የቀነስሽው ቀይ ፎቶው ላይ አልነበረም፤ ስክሪንሽ ላይ ነበር።»

ስክሪኑን አስተካከለልኝ። ቀጥሎም ቡራዩ ለሚታተምበት ወረቀትና ቀለም የተሠራ ፕሮፋይል ጫነልኝ። ፎቶ ከመታተሙ በፊት ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል እዚያው ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ፋይል ነው። ያበላሸሁትን ፎቶ በሱ ስከፍተው ልጅቷ ግራጫ ሆና መጣች። ይህን አስቀድሜ ማየት እችል ነበር።

አዛውንቱን አስጠራኋቸውና «አባባ፣ እንደገና ልሞክረው። መልኳን ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው የክንዳቸውን ውስጠኛ ክፍል አሳዩኝ።

«ፀሐይ ያልነካው ይሄ ነው። መልኳ ከዚህ አይለይም።»

ሦስት ትንንሽ ሙከራ አሳተምኩ። በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አንድ በአንድ ክንዳቸው ላይ እያስጠጋሁ አየሁ። የመጀመሪያው ጠቆረ፣ ሁለተኛው ቢጫ በዛበት። ሦስተኛው ከክንዳቸው አልለይ አለ። የሻርፑን ቢጫ ግን ወረቀቱ እንደ ስልኩ አድርጎ ሊያወጣው አልቻለም፤ ደብዝዟል። ነገርኳቸው።

«ሻርፑን ተዪው» አሉኝ።

ትልቁን ሳስረክባቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውት ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ አባትየውን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። እናትየው ፎቶውን ወደዱት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔስ ጠዋት ማታ አየዋለሁ። እሷ በዚያ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ለእሷ አሁንም የሚታያት የመጀመሪያው ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«ሆን ብለሽ አይደለም» አሉኝ። ታክሲው መጣና ገቡ።