ናይቫሻ ለመድረስ ሞተሩ ላይ የጨመርነው

እሑድ ማለዳ ናይሮቢ ካለው ሰፈሬ፣ ከኪሌሌሽዋ፣ ስነሣ ሁለት ጉዳይ ይዤ ነበር። አንደኛው አዛውንቱን ወዳጄን ጋሽ ኪዳኔን ናይቫሻ ማድረስ ነው፤ ልጃቸው ሰላም የወለደችው የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው በዚያ ቀን ክርስትና ይነሣል። ሁለተኛው የራሴ ጥያቄ ነው። በየነዳጅ ማደያው ተደርድረው የማያቸው፣ የሞተር ዘይት ላይ የሚጨመሩ ጠርሙሶች መኪናን ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ? መኪናዬ አርጅታለች። ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። ጊጊሪ የምሠራበት ቢሮ ጥበቃዎች ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው መውሰድ ጀምረዋል።

ፓርክላንድስ

ጋሽ ኪዳኔ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለሕፃኑ የገዙትን ብርድ ልብስ ታቅፈው በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ተወልደው ያደጉት ከረን ነው፤ ወጣትነታቸውን በአሥመራ፣ በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ከባድ መኪና ሲነዱ አሳልፈዋል። ዓይናቸው ስለደከመ መሪ ከያዙ ቆይተዋል፤ ጆሯቸው ግን ዛሬም የሾፌር ጆሮ ነው።

«ሶስና፣ ይቺ ሞተር ቆሽሻለች» አሉኝ በሩን ሳይዘጉ።

«ጭሱን አይተው ነው ጋሼ?»

«ድምጿን ሰምቼ ነው። ማደያ ግቢ፣ ማጠቢያ እንጨምርላት። እኛ በነጭ ጋዝ ነበር የምናጥበው።»

ማደያው ውስጥ የምትሸጠው ሴት ሁለት ዓይነት አወጣችልን። አንደኛው እንደ ማር የወፈረ፣ ጭስ ያጠፋል የሚባል ነው። ሌላው እንደ ውኃ የቀጠነ፣ የሞተሩን ውስጥ ያጥባል የሚባለው ነው።

«የትኛው ይሻላል?» አልኳት በስዋሂሊ።

«ሁለቱም ይሸጣሉ ማዳም። ገዝቶ ተመልሶ የመጣ ግን የለም። ደስ ብሎት ይሁን መኪናው ቆሞበት እኔ አላውቅም።»

ሳቅንና ማጠቢያውን ገዛን። ጋሽ ኪዳኔ ራሳቸው ኮፈኑን ከፍተው አፈሰሱት። እስኪ ይሞከር ብዬ ተውኳቸው፤ የማወቅ ጉጉቴ ከጥንቃቄዬ በልጦ ነበር።

ሊሙሩ

ዳገቱን ስንወጣ ጭጋግ ወርዶ የሻይ ማሳው ግማሽ በግማሽ ተሸፍኗል። በመንገዱ ዳር ሴቶች ካሮትና ጥቅል ጎመን ክምር አጠገብ ቆመው ይጣራሉ። የሞተሩ ድምፅ የለሰለሰ መሰለኝ። እውነት ለስልሶ ይሁን ወይስ እኔ እንዲሆን ፈልጌ፣ አሁንም መማል አልችልም። ጋሽ ኪዳኔ ግን «አላልኩሽም?» ብለው ደስ አላቸው።

ስምጥ ሸለቆው ከሚታይበት ገደል ጫፍ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛን። ከታች ሜዳው ተዘርግቷል፤ ከማዶ የሎንጎኖት ተራራ ቆሟል። የበግ ቆዳ አንጠልጥሎ የመጣ ነጋዴ የሚገዛው ሲያጣ፣ ለልጅ መኝታ እንደሚሆን ለጋሽ ኪዳኔ ማስረዳት ያዘ። ክርስትናው እንዳያመልጠን ብዬ ወደ መኪናው መለስኳቸው።

ቁልቁለቱ ላይ

የጭነት መኪኖች ተሰልፈው እየተንፏቀቁ ይወርዳሉ፤ እኛም ከኋላቸው። ከፊቴ አንዲት ቀይ መብራት በራች፤ የዘይት ጣሳ ምስል ያላት። ትንሽ ብልጭ ድርግም አለችና በርታ ቀረች።

«ጋሼ፣ የዘይት መብራት በራ። ማይ ማሂዩ ከተማ ደርሰን እናስየው?»

«ዳር ያዢና አጥፊው!» ጮኹ። ከዚያ በፊት ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። «አሁን! አንዲት ሜትር እንዳትጨምሪ!»

ያቆምኩት የጣሊያን ምርኮኞች ከሠሯት ትንሿ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ መለኪያውን መዝዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዘይቱ ሙሉ ነው። መለኪያውን በአውራ ጣታቸው ጠርገው መልሰው ሰኩት።

«ዘይቱ አለ፤ ሞተሩ ግን አያገኘውም። አንድ ነገር ዘግቶታል» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «እኔ ነኝ ያስዘጋሁት» አሉ።

የማደርገው ጠፋኝ። መኪናዋን መንገድ ላይ መተው ያስፈራል፤ እሳቸው ደግሞ ለዚህ ቀን ወራት ሲጠብቁ ኖረዋል። «አንቺ ከመኪናሽ አትለዪ፣ እኔ በማታቱ እሄዳለሁ» አሉኝ የሚያልፉትን ሚኒባስ ታክሲዎች እያሳዩ። በዚያ ዓይናቸው ብቻቸውን ልሰዳቸው አልቻልኩም። መኪናዬን ለሚሠራልኝ ፉንዲ፣ ለሙቱዋ፣ ደወልኩለት፤ ጎታች መኪና እልክልሻለሁ አለኝ። ቁልፉን ለቤተ ክርስቲያኗ ጠባቂ አደራ ሰጥቼ፣ ጋሽ ኪዳኔን ይዤ ያገኘሁት ማታቱ ውስጥ ገባሁ። ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ ናይቫሻ ድረስ ስንት ሰዓት ሆነ እያሉ ሲጠይቁኝ ሄዱ።

ናይቫሻ

ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ፈሷል። ሰላም በር ላይ ቆማ ስታየን ሮጠች። እናቷ የአዲስ አበባ ልጅ ስለነበሩ ከአባቷ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው፤ ግን ናይሮቢ ነው ያደገችው።

«ባባ፣ ስልክህ ለምን ኦፍ ሆነ? ፋዘር ሌሎቹን ሕፃናት ፈርስት አጥምቆ አንተን እየጠበቀ ነው። ሃራካ፣ ና ግባ!»

ጋሽ ኪዳኔ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቆሙ። ውኃው ሲነካው ሕፃኑ አለቀሰ፤ እሳቸውም አለቀሱ።

ምሳ ከሐይቁ የወጣ የተጠበሰ አሳ፣ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ሱኩማ የሚሉት ጎመን ነበር። የሰላም ባል ካማው፣ የአበባ እርሻ ላይ የውኃ ፓምፕ ሞተሮችን የሚንከባከብ ቴክኒሻን ነው። ጥያቄዬን አቀረብኩለት። የሻይ ስኒውን አነሣ።

«ይህ ሻይ ወተቱም ስኳሩም ገብቶበት ፈልቶ ነው የመጣልሽ» አለኝ። «ዘይትም እንደዚሁ ነው። የሚያጥበውም፣ መፋተግ የሚቀንሰውም ፋብሪካው ውስጥ ተመጥኖ ይገባበታል። ከላይ ሌላ ስትጨምሪበት ምጥኑን ልታበላሺው ትችያለሽ።»

ጋራዡ

በሳምንቱ መካከል ሙቱዋ ጠራኝ። ጋሽ ኪዳኔም ካልመጣሁ አሉ። ሙቱዋ ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት መያዣ አውርዶ አሳየን። ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት እንደ ቀለጠ አስፋልት በጠቆረ ጭቃ ተለብጧል። ማጠቢያው በየጥጉ የከረመውን ቆሻሻ አላቆ ወንፊቱ ላይ ጥሎታል።

«ይህን ጨምሮ መንገድ አይወጣም» አለ ሙቱዋ። «መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ትንሽ ይሠራና ዘይቱ ወዲያው ይደፋል። እንዲህ በቆየ ሞተር ላይ ግን እኔ ጨርሶ አልጠቀምበትም።»

«ጭሱስ?»

«እሱ የቫልቮቹ ጎሚኒ፣ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ፣ ደርቆ ነው። የወፈረውን ብትጨምሪ ኖሮ ለጊዜው ይቀንስልሽ ነበር። ጎሚኒው ግን እንደደረቀ ነው።»

«ታዲያ ምንም አይጠቅሙም ማለት ነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ጎሚኒ የሚያለሰልስ ጨምሮ ትንሽ የዘይት ጠብታ የቆመለት ደንበኛ አለኝ። ምንም ያልተለወጠላቸውም አሉኝ። ዘይቱ በጊዜው ለሚቀየር ሞተር አስፈላጊ ሆኖ አላየሁም።»

ጋሽ ኪዳኔ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያን ዕለት ባይጮሁብኝ ኖሮ ማይ ማሂዩ ድረስ እነዳት ነበር፤ ሞተሩም ተቃጥሎ ይቀር ነበር።» ሙቱዋ ይህን ስተረጉምለት እጃቸውን ጨበጣቸው።

ኪሌሌሽዋ

ወንፊቱ ጸድቶ፣ ጎሚኒው፣ ዘይቱና ፊልትሮው ተቀይሮ መኪናዬን ነድቼ ቤቴ ገባሁ። ጠርሙሱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብዬ ነበር የወጣሁት። አሁን ሰው ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ መኪናው ምን እንደሆነ አስመርምር እለዋለሁ። ሕመሙ ሳይታወቅ የሚጨመር ነገር ቢቀናው ምልክቱን ይሸፍናል፤ ካልቀናው ደግሞ እንደ እኛ ቁልቁለት ላይ ያስቀራል።

መኪናዬን ይዤ በገባሁበት ዕለት ማታ ሰላም የክርስትናውን ፎቶ ለሁለታችንም ላከችልን። በሕፃኑ ነጭ ልብስ ላይ፣ ልክ ደረቱ ጋ፣ የአያቱ አውራ ጣት በጥቁር የሞተር ዘይት ታትሟል። «ባባ፣ ይህ በምንድን ነው የሚለቀው?» ብላ ጽፋለች።

ጋሽ ኪዳኔ ወዲያው መለሱላት፦ «በሳሙና ብቻ። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪበት።»